የማክሰኞ ስህተቶች

ልብስ ሰፊው ማክሰኞ ማክሰኞ ሱቁን የሚከፍተው አንድ ሰዓት አርፍዶ ነበር። ሠፈሩ ለምዶታል፤ ማክሰኞ ጠዋት መጥቶ በር የሚደበድብ ደንበኛ የለም። ሰውየው ግን ውስጥ ነው። መዝጊያውን ገርበብ አድርጎ፣ የስፌት መኪናውን ሽፋን ሳያነሳ፣ በአንድ ጣቱ ፊደል እየለቀመ ጦማሩን ይጽፋል።

ጦማር የሚባለውን ነገር ያስለመደችው ልጁ ናት። ሚስቱ ካረፈች በኋላ ሰውየው ቃል ከአፉ አልወጣ ሲል፣ መድኃኒት ቤት የምትሠራው ልጁ አንድ እሑድ አሮጌ ላፕቶፗን ይዛ መጣችና ጠረጴዛው ላይ፣ ከካውያው አጠገብ አስቀመጠችለት።

«አባዬ፣ ለእማዬ የምትነግራት የደንበኛ ወሬ ነበረህ አይደል? እሱን እዚህ ላይ ጻፈው» አለችው።

«ለማን?»

«ለሚያነብ።»

«ማነው የሚያነበው?»

«አንደኛ እኔ። ሌላው እንጃ፤ የመጣ ይመጣል።»

ስሙን እዚያው አወጡለት፤ «ከኪስ የተገኘ» አሉት። ሰው ልብሱን ሊያሳጥር ወይም ሊያስጠብብ ሲሰጥ ኪሱን አይፈትሽም። ልብስ ሰፊው በአርባ ዓመት ውስጥ ከኪስ ያላገኘው የለም፤ ያልተላከ ደብዳቤ፣ ቀኑ ያለፈ የጥርስ ሐኪም ቀጠሮ፣ የሕፃን አንድ እግር ካልሲ፣ አንድ ጊዜ ደግሞ ሙሉ ሰው ሠራሽ ጥርስ። የተገኘውን አስቀድሞ ለባለቤቱ ይመልሳል፣ ከዚያ የማንንም ስም ሳይጠራ ይጽፋል። ሕጉ ይህ ነው።

አጻጻፉም የራሱ ወግ ነበረው። መጀመሪያ በእርሳስ በደብተር ይጽፋል። ቀጥሎ ደብተሩን ይዞ ግድግዳ ወደሚጋራው ፀጉር አስተካካይ ይሄድና ያነብለታል። የፀጉር አስተካካዩ መቀስ መንቀጫቀጩን ካላቆመ ጽሑፉ ገና ነው። መቀሱ ከቆመ በቃ፣ አምሯል። ስለ ሰው ሠራሽ ጥርሱ ያነበበ ቀን አንድ ደንበኛ ግማሽ ራሱን ብቻ ተቆርጦ ሃያ ደቂቃ ተቀምጧል።

በመጀመሪያው ወር አርባ አንድ ጎብኚ አገኘ። ደስታውን አልቻለውም። በኋላ ልጁ ቁጥሩን ብታጣራ ሠላሳ ስድስቱ ራሱ ሆኖ ተገኘ፤ በቀን አንዴ፣ አንዳንዴም ሁለቴ፣ ሰው መጥቶ እንደሆነ ሊያይ ሲገባ ቆጣሪው እሱኑ ይቆጥረው ኖሯል። የመጀመሪያው እንግዳ አስተያየት ደግሞ ፀጉር የሚያበቅል ቅባት የሚሸጥ ማስታወቂያ ነበር። ሰውየው ማስታወቂያ መሆኑን የት ያውቃል። «ስለጻፉልኝ አመሰግናለሁ፤ እኔ ፀጉሬ ደህና ነው፤ ጎረቤቴን ግን እጠይቀዋለሁ» ብሎ መለሰ። ፀጉር አስተካካዩ ይህን ሲሰማ ወንበር ላይ ወድቆ ሳቀ።

እየቆየ ግን አንባቢ መጣ። መቶ ሆነ፣ ሁለት መቶ ሆነ። አንድ የማያውቀው ሰው «ማክሰኞ ቢሮ ገብቼ ሥራ የምጀምረው አንተን አንብቤ ነው» ብሎ ሲጽፍለት፣ ልብስ ሰፊው ቀኑን ሙሉ ሰው እንዳቀፈው ሁሉ ሲሞቀው ዋለ።

እህቱን ያጣትም በዚሁ በጦማሩ ነው።

እህቱ በአምስት ዓመት ትበልጠዋለች። የምትኖረው በአውቶቡስ ግማሽ ቀን በሚያስኬድ ሌላ ከተማ ነው። ሠላሳ ዓመት መዝገብ ቤት ሠርታ፣ አንዲት ወረቀት ሳይጠፋባት ጡረታ ወጥታለች። አባትና እናት ካለፉ ወዲህ የልጅነት ቤቱን የሚያስታውስ ከእሷ በቀር ሰው አልቀረም። እሱ ስልሳ ሦስት ዓመት ሞልቶታል፤ ይህን ያህል ሸምግሎም «ማሙሽ» ብላ የምትጠራው እሷ ብቻ ነበረች።

ጥፋቱ እንዲህ ነው። ለጡረታ ስንብቷ ግራጫ ኮት የሰፋላት እሱ ነበር። ኮቱ ጀርባ ላይ ጊዜያዊው ስፌት፣ ልብሱን ለልክ ያህል የሚይዘው ነጭ ክር፣ ሳይፈታ ቀረ። እሷም ያንን ለብሳ መድረክ ላይ ወጥታ፣ በሠላሳ ዓመት አንዳች ነገር ከዓይኗ እንዳላመለጠ ንግግር አደረገች። ዓመት ከመንፈቅ ቆይቶ ልብስ ሰፊው ይህንን በጦማሩ ጻፈ። «ከእህቴ ዓይን ያመለጠ አንድ ነገር ቢኖር ጀርባዋ ላይ ያለው ነጭ ክር ነው» አለ። ስም አልጠራም። ነገር ግን ጽሑፉ ከሰው ሰው ሲተላለፍ የቀድሞ መሥሪያ ቤቷ ደረሰ፤ እዚያ ያሉት ለማወቅ ስም አላስፈለጋቸውም። ገበያ ላይ ሲያገኟት «ነጭ ክር እንዴት ነሽ?» ይሏት ጀመር።

ስልክ ደውላ አንድ ቃል ብቻ ተናገረችው። «ለመንገደኛ ሁሉ አሳየኸኝ» አለችና ዘጋች። እሱ በዚያው ሰዓት ጽሑፉን አጠፋው። ይቅርታ ሊላት ደወለ፤ አታነሳም። ደብዳቤ ጻፈ፤ መልስ የለም። ሁለት ዓመት እንዲህ አለፈ። በዚህ ሁለት ዓመት ውስጥ ሚስቱን እንኳ ሲያስብ የሚነግራት ይህንኑ ነበር፤ እትዬ ተቀይማኛለች፣ አንቺ ብትኖሪ ታስታርቂን ነበር።

አንድ ማክሰኞ ከኪስ የተገኘ ነገር ስላልነበረው ስለ እናቱ የቆርቆሮ ሳጥን ጻፈ። ቀይ፣ አበባ የተሳለበት፣ ሲከፈት የሚጮህ። በማግስቱ ከሥር አንድ አስተያየት አገኘ። የጸሐፊው ስም «አንባቢ» ይላል።

«ሳጥኑ ቀይ አልነበረም። አረንጓዴ ነው። ቀዩ የጎረቤት ነበር።»

ልብስ ሰፊው የያዘውን መቀስ አስቀመጠ። ያንን ሳጥን በዓይኑ ያየ በሕይወት ያለ ሰው ሁለት ብቻ ነው፤ አንደኛው እሱ ነው።

ሮጦ ፀጉር አስተካካዩ ዘንድ ገባ። «እትዬ እያነበበችኝ ነው» አለው።

«ታዲያ ምን ትጠብቃለህ ጋሼ? ‹እህቴ ሆይ› ብለህ ጻፍላት እንጂ።»

«አታውቃትም። አወቅኩሽ ካልኳት ተመልሳ አትመጣም።»

«እና ምን ልትል ነው?»

«አመሰግናለሁ፣ አስተካክያለሁ እላታለሁ። እንደማንም ሰው።»

እንዳለውም አደረገ። በሚቀጥለው ማክሰኞ ስለ አባቱ ብስክሌት ጻፈ። ነገር ግን ሁሉን በትክክል ከጻፈው እሷ ምን ትለዋለች? እህቱ ትክክል ለሆነ ነገር ቃል አታባክንም። በሠላሳ ዓመት ሥራዋ የተማረችው ስህተት ማየት ነው። ስለዚህ ልብስ ሰፊው ደብተሩ ላይ የጻፈውን ዓረፍተ ነገር ፍቆ፣ የአባቱ ብስክሌት ደወል እንዳላት አድርጎ ጻፈ። በሕይወቱ ሆን ብሎ አጣሞ የሰፋው ነገር አልነበረም።

ረቡዕ ጠዋት መልሱ ደረሰ። «ብስክሌቷ ደወል አልነበራትም። አባት በአፉ ‹ዞር በሉ› እያለ ነበር የሚነዳት።»

ሰውየው ሳቀ፤ ብቻውን፣ ሱቁ ውስጥ፣ ዓይኑ እንባ እስኪያቅር። «ዞር በሉ» የሚለውን የአባቱን ድምፅ ረስቶት ነበር።

ከዚያ ወዲህ ማክሰኞ በመጣ ቁጥር አንድ ስህተት ይሰፋል። ትንሽ፣ ግን እሷ የማታልፈው። ድልድዩን በግራ ያደርገዋል፤ እሷ ወደ ቀኝ ትመልሰዋለች። የአክስታቸውን ውሻ ጥቁር ይለዋል፤ እሷ ቡናማ፣ ያውም አንድ ጆሮው የተቆረጠ ትለዋለች። የእሷ እርማት ሁልጊዜ ከእሱ ስህተት ይረዝም ጀመር። አንድ ጊዜ «እናቴ ልብስ ስታጥብ ትዘፍን ነበር» ብሎ ጻፈ። መልሱ፦ «አልዘፈነችም። የምዘፍነው እኔ ነበርኩ። እናታችን ታዳምጥ ነበር» የሚል ነበር።

«እናታችን» አለች። አምልጧት ነው። ልብስ ሰፊው ያችን አንዲት ቃል ለማየት በዚያ ሳምንት ስንት ጊዜ ገብቶ እንደወጣ የጎብኚው ቁጥር ይመስክር።

ስህተቱንና እርማቱን ግን ሌላ ሰውም ያነበው ነበር። ልጁ አንድ ቀን ከሥራ ስትወጣ ሱቁ መጣችና ቆማ አየችው።

«አባዬ፣ ዛሬ ምን ቀን ነው?»

«ምነው፣ መድኃኒት ቤት ቀን መቁጠሪያ ጠፋ?»

«ዝም ብለህ ንገረኝ።»

«ረቡዕ። ትናንት ማክሰኞ ነበር፣ ነገ ሐሙስ ነው። ከፈለግሽ እስከ እሑድ አደርስሻለሁ።»

አልሳቀችም። ከቦርሳዋ ስለ መርሳት በሽታ የተጻፈ ወረቀትና አንድ ብልቃጥ ቫይታሚን አውጥታ ጠረጴዛው ላይ አኖረች። አንድ አንባቢም «አባባ፣ መርፌውን እንዳትውጠው» ብሎ ጽፎለት ነበር።

«ለልጅህ እንኳ ንገራት እንጂ» አለው ፀጉር አስተካካዩ። «ነገ ሐኪም ቤት ታስተኛሃለች።»

«ብነግራት ለአክስቷ ትደውላለች። አክስቷ ካወቀች አለቀልኝ።»

«ቫይታሚኑንስ?»

«እየዋጥኩት ነው። ምን ላድርግ።»

አሥራ አምስተኛው ማክሰኞ ላይ ግን ሰውየው ከልክ አለፈ። ትምህርት ቤት የገባበትን የመጀመሪያ ቀን ጻፈ። እናቱ እጁን ይዛ እንደወሰደችው፣ እሱ ሲያለቅስ እናቱ እስከ እኩለ ቀን መስኮቱ ሥር እንደተቀመጠችለት ጻፈ። እውነቱ ሌላ ነው። እናቱ ያን ቀን ታማ ተኝታ ነበር። እጁን ይዛ የሄደችው፣ የራሷን ክፍል ትታ መስኮቱ ሥር ድንጋይ ላይ የተቀመጠችው እህቱ ናት። በዚህም የተነሳ መምህሯ ቀጥቷታል። ልብስ ሰፊው ይህን ሲጽፍ ረጅም እርማት ይመጣል ብሎ አስቦ ነበር፤ ምናልባትም «ማሙሽ» የምትል ቃል።

ረቡዕ ገባ፤ ምንም የለም። ሐሙስም የለም። የሚቀጥለው ማክሰኞ መጥቶ አለፈ፤ እርሳሱን አንስቶ መልሶ አስቀመጠው። ምግብ አልበላ አለው። ያን ቀን ከእሷ መውሰድ አልነበረብኝም፣ አለ ለራሱ። ሌላው ሁሉ ጨዋታ ነበር፤ ይኸኛው ግን የእሷ ነው።

በሁለተኛው ሐሙስ ረፋድ ላይ ሱሪ እየተኮሰ ሳለ በሩ ላይ አንዲት ሴት ቆመች። በአንድ እጇ የልብስ ሻንጣ፣ በሌላው የእጅ ቦርሳ ይዛለች። ፀጉሯ ከሁለት ዓመት በፊት ከነበረው ይልቅ ነጥቷል።

«ማሙሽ» አለች፤ ቀስ ብላ፣ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ፣ ጆሮው ለከበደው ሰው እንደሚነገረው። «እኔ ማን ነኝ?»

ሁለት ዓመት ስንቱን ሊላት ሲያጠና የኖረ ሰው እንደ ግንድ ቆመ። ካውያው ሱሪው ላይ እንዳለ ነው። ጭስ ሸተተ። እሷ ዘላ ካውያውን አነሳችው።

«ይኸው» አለች ለራሷ፣ በሐዘን። «ይኸው እንግዲህ።»

ከዚያ ወንበር ስባ አስቀመጠችው፤ እሷም ፊቱ ተቀመጠች። «አትደንግጥ። ልብሴን ይዤ መጥቻለሁ። የሚያስፈልገውን ያህል እሰነብታለሁ። ነገ ጠዋት ከልጅህ ጋር ሐኪም ዘንድ እንሄዳለን። ለሐኪሙ እንዲመች ብዬ ጽፌዋለሁ» አለችና ከቦርሳዋ አንድ ወረቀት አወጣች።

ልብስ ሰፊው ወረቀቱን ተቀበላት። በማስመሪያ የተሰመረ ነው። ተራ ቁጥር፣ ቀን፣ የተሳሳተው፣ ትክክለኛው። አንደኛ ሳጥን፣ ሁለተኛ ደወል፣ ሦስተኛ ድልድይ፤ አንዱም አልቀረባትም። አሥራ አራቱ ጽሑፎች ቀጥ ብለው ተደርድረዋል። አሥራ አምስተኛው ላይ ግን ብዕሩ ወረቀቱን ሊበሳ ደርሷል። «ትምህርት ቤት የወሰድኩት እኔ መሆኔን ረስቷል» ይላል።

ዝም ማለት ይችል ነበር። «አላስታውስም እትዬ» ቢል ያችን ሻንጣ ትፈታለች፤ ጓዳ ውስጥ ስትንጎዳጎድ ይሰማታል፤ ጠዋት «ማሙሽ» እያለች ትቀሰቅሰዋለች። ወር ትቆያለች፤ ምናልባትም ትከርማለች። ሰውየው ይህን ሁሉ በአንድ ትንፋሽ አየው፤ እንዴት እንደፈለገውም እሱ ያውቃል። ግን ያ ብዕር የወጋው መስመር ከዓይኑ አልሄድ አለ።

«ድንጋይ ላይ ነበር የተቀመጥሽው» አለ። «መምህሩ በመስኮቱ ሊያባርርሽ ሲል ‹ጫማዬ ጠጠር ገብቶበት ነው› አልሽው። ግማሽ ቀን ሙሉ ጠጠር ስታወጪ ዋልሽ። ለዚያም በማግስቱ ተቀጣሽ።»

እህቱ አየችው። ድምፅዋ ወደ ወትሮው ተመለሰ። «ይህን ታስታውሳለህ?»

«ሁሉንም አስታውሳለሁ። ሆን ብዬ ነው ያጣመምኩት። እንድትጽፊልኝ።»

«እስከ ስንተኛው?»

«ከሁለተኛው ጀምሮ። ሳጥኑን ግን የእውነት ቀይ ይመስለኝ ነበር።»

ወረቀቱን ከእጁ ወሰደች፣ አራት አጠፈችው፣ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው።

«እኔ ዘጠኝ ቀን እንቅልፍ አላየሁም» አለች። «ወንድሜ አለቀልኝ ብዬ። አንተ እዚህ ተቀምጠህ በእኔ ትጫወታለህ። ለሁለተኛ ጊዜ።»

«አዎ። ለሁለተኛ ጊዜ።»

«ከእንግዲህ ‹አንባቢ› የሚባል የለም። አልጽፍልህም። ሰምተሃል?»

«ሰምቻለሁ እትዬ።»

ተነሳች። ሻንጣዋን ያዘች፤ በር ደረሰችና ቆመች። ፊቷን ሳታዞር ተናገረች።

«አንድ ስህተት ግን እዚህ ዝርዝር ውስጥ አልገባም። የት ላስገባው? አጠፋኸው። ‹ከእህቴ ዓይን አመለጠ› ብለህ ጻፍክ። ማነው አመለጠ ያለህ? የዚያን ቀን ጠዋት መስታወት ፊት ስቆም አይቼዋለሁ።»

«ክሩን?»

«ክሩን። ልጠይቅህ ደወልኩልህ እኮ። ‹እትዬ፣ ሐኪም ቤት ነኝ፣ ሌሊቱን ሙሉ አልተኛችም› አልከኝ። ያንን ኮት ሚስትህ አልጋ አጠገብ ተቀምጠህ እንደጨረስከው ከድምፅህ ገባኝ። ታዲያ ስለ ክር ልንገርህ? ደህና ነው፣ አምሮብኛል አልኩህ።»

ልብስ ሰፊው ወንበሩን በሁለት እጁ ያዘ። «ራስሽ መዝዘሽ አታወጪውም ነበር?»

«እኔ የልብስ ሰው ነኝ? የትኛው የሚፈታ፣ የትኛው ኮቱን የያዘ እንደሆነ በምን አውቃለሁ? አንዱን ብመዝ እጅጌው መድረክ ላይ ቢወድቅስ?» አሁን ፊቷን አዞረች። «ስለዚህ እያወቅኩ ቆምኩ። አንተ ግን አላየችም ብለህ ለዓለም ጻፍክ። ከዚያ ደግሞ አጠፋኸው። እኛ መዝገብ ቤት ስህተት የገባበት ገጽ አይቀደድም። በአንድ መስመር ይሰረዛል፣ ትክክለኛው ከጎኑ ይጻፋል፣ የጻፈው ይፈርምበታል። አንተ ገጹን ቀደድክብኝ። ምኑን ላርምልህ?»

ሰውየው ተነሳ። መደርደሪያው ላይ ከተከመሩት ደብተሮች አንዱን መዝዞ ገለበጠ፤ የዚያ ቀን ጽሑፍ በእርሳስ እንዳለ ነው። ወንበሩን ወደ ጠረጴዛው ጎትቶ ላፕቶፑን ከፈተ። እህቱ ሻንጣዋን ሳታስቀምጥ ቆማ አየችው። በአንድ ጣቱ ሲለቅም ትንሽ ታገሰችና፣ «እንዲህ ከሆነ የዘጠኝ ሰዓቱ አውቶቡስ ያመልጠኛል» ብላ ከጎኑ ተቀመጠች። እሷ ታነባለች፣ እሱ ይጽፋል። ቃል መካከል ላይ እንዴት መስመር እንደሚሰመር ልጁን በስልክ ጠየቁ፤ ልጅቷ የአክስቷን ድምፅ ስትሰማ ማስረዳቱን ረስታ ማልቀስ ጀመረች፤ «እሱን በኋላ፣ መጀመሪያ መስመሩን» አለቻት አክስቷ።

«ከእህቴ ዓይን ያመለጠ» የሚለው ላይ መስመር ገባ። ከጎኑ፦ «አይታዋለች። ለእኔ ብላ ዝም አለች» ተብሎ ተጻፈ። ፈረመ።

ቂሟ ሁሉ ግን አልወጣላትም። በዘጠኝ ሰዓቱ አውቶቡስ ሄደች። ሻንጣዋን ሊይዝላት ሲል አልሰጠችውም። «አትደውል። ስፈልግ እኔ እደውላለሁ» አለችው፤ አውቶቡሱ ከጣቢያው ሲወጣ በመስኮቱ አላየችም።

ማክሰኞ ደረሰ። ልብስ ሰፊው ደብተሩን ይዞ ብዙ ቆየ። የሚያጣምመው ነገር የለም፤ ያላጣመመውን ደግሞ ለማን ብሎ እንደሚጽፍ አላወቀም። ከአንድ ኮት ኪስ የወጣ የአውቶቡስ ቲኬት ነበር፤ ስለ እሱ አራት መስመር ጻፈና ለቀቀው። አራቱም እውነት ናቸው። ረቡዕ ጠዋት አስተያየቱን ከፈተ። ሰባት ሰው ጽፏል። «አንባቢ» የለም። ዘጋው፤ ካውያውን ሰካ፤ ወደ ሥራው ተመለሰ።

ከሰዓት በኋላ አንድ ወጣት ሙሽራ ልብሱን ሊለካ መጥቶ፣ ሁለት እጁን ዘርግቶ፣ ብብቱ ሥር ስፒል ተሰክቶበት ቆሞ ሳለ ስልኩ ጮኸ። ልብስ ሰፊው አፉ ውስጥ የያዘውን ስፒል ተፋ።

«አነበብኩት» አለች እህቱ። «አጭር ነው።»

«አዎ እትዬ።»

«ለምን አጠረ?»

«ምን ልጻፍ? ትክክለኛ ነገር ስጽፍ አንቺ ዝም ነው የምትይው።»

እዚያ ማዶ፣ ቤቷ ውስጥ ወንበር ሲሳብ ሰማ፤ ተቀመጠች ማለት ነው።

«ጋሼ፣ እጄን ላውርድ?» አለ ሙሽራው።

«እንዳታወርድ፣ ይወጋሃል» አለው ልብስ ሰፊው። ስልኩን ወደ ሌላው ጆሮው አዛወረ።

«ያ ቲኬት ያለው ሰውዬ» አለች እህቱ፣ «ወዴት ሊሄድ ኖሯል? እሱን አልጻፍከውም። እስቲ ንገረኝ።»